ደብዳቤው ላይ ያልተጻፈው ስሜ

ስም የሚያወጡልን ሰዎች ቢያማክሩን ኖሮ እኔ ገና በእናቴ ሆድ ሳለሁ «ተዉኝ» እል ነበር። አባቴ የተገደለው እኔ ልወለድ ሦስት ወር ሲቀረኝ ነው። በእርሻ ድንበር የተጣላው ጎረቤታችን ማሳው መካከል አግኝቶ በአንድ ጥይት ጣለው። እኔ በተወለድሁ ዕለት የአባቴ ታላቅ ወንድም አያ ሙሉ ደጅ ተቀምጠው ይጠብቁ ነበርና፣ ከእልልታው ብዛት ወንድ መሆኔን ሲያውቁ ወደ ቤት እንኳ ሳይገቡ «ደመላሽ በሉት!» ብለው ሄዱ። ገና ጡት ሳልይዝ ሥራ ተሰጠኝ ማለት ነው።

ገዳዩ ተይዞ ደብረ ማርቆስ እስር ቤት ገባ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም እዚያው ታሞ ሞተ። አያ ሙሉ በዚህ የተደሰቱ እንዳይመስላችሁ። ሰውየው በገዛ ጊዜው መሞቱን እንደ ስድብ ነው የቆጠሩት። በእኛ አገር ልማድ ገዳይ በራሱ ሞት ከሞተ ደሙ ወደ ቅርብ ወንድ ዘመዱ ይዞራል። ልጅ አልነበረውም፣ ወንድሙም ቀድሞት ሞቶ ነበርና የዞረው ወደ ወንድሙ ልጅ ወደ ይበልጣል ነው።

ይበልጣል እንደ ስሙ በሁለት ዓመት ይበልጠኛል። ቤታቸው ከቤታችን ማዶ ነው፤ መሐል ላይ አንዲት ትንሽ ወንዝ አለች። እነሱ ከላይ ይቀዳሉ፣ እኛ ከታች እንቀዳለን። መንገድ ላይ ከተያየን አንዳችን ወደ ዳገቱ ይወጣል፣ አንዳችን ቁልቁል ይወርዳል። ሽማግሌ ለእርቅ በመጣ ቁጥር አያ ሙሉ «ደሙን የሚመልስ እያደገ ነው» እያሉ ይሸኙታል። ከይበልጣል ጋር በዕድሜያችን አንዲት ቃል ተለዋውጠን አናውቅም። እኔ ግን እጠላው ነበር። ሳቁን ከማዶ ስሰማ እንኳ ምግብ አይወርድልኝም ነበር።

ጃንሆይ በነገሡበት ዘመን ነው። አንድ ዓመት ጥር ላይ፣ እህሉ ጎተራ ከገባ በኋላ፣ አያ ሙሉ ከአምበር ገበያ ፊታቸው በርቶ ተመለሱ።

«ማርቆስ ላይ ወታደር ሊመለመል ነው፤ ትገባለህ» አሉኝ። «በመንግሥት ጥይት ተኩስ ትማራለህ። ሁለት ዓመት ቆይተህ በፈቃድ ትመጣለህ። የቀረውን እኔ አልነግርህም።»

የቀረውን መንገር አላስፈለጋቸውም። እውነቱን ልንገራችሁና፣ ደስ አለኝ። እስከዚያ ቀን ድረስ ስሜን ተሸክሜ ከመዞር በቀር አንድም ነገር አልሠራሁበትም ነበር።

ከዚያ አንድ ወር ሙሉ አያ ሙሉ እንደ ሠንጋ ቀለቡኝ። ጧት ጧት በሶ በቅቤ፣ ማታ ተልባ። ገበያ ላይ ስለ ማጣሪያው የሰሙትን ወሬ ሁሉ ለቅመው አምጥተዋል። መልማዮቹ ውስጥ እግሩ ጠፍጣፋ የሆነውን አይቀበሉም ብሏቸዋል አንዱ፤ ስለዚህ እግሬን አርሰው አመድ ላይ ያስረግጡኝና ጎንበስ ብለው ዱካዬን ይመረምራሉ። ደረቴን በጠፍር ይለካሉ፤ በሳምንቱ መልሰው ለክተው ጠፍሩ ካልጠበበ ይቆጣሉ። የወፍጮ መጅ አሸክመው ዳገት ያስሮጡኛል፤ እሳቸው ከላይ ተቀምጠው «ተገኘ ቢሆን እስካሁን ሁለቴ ወጥቶ ነበር!» ይሉኛል። ተገኘ አባቴ ነው። የማላውቀው ሰው በየቀኑ በሩጫ ይቀድመኝ ነበር።

ጥያቄም ያስጠኑኛል።

«ዕድሜህ ስንት ነው ቢሉህ?»

«አባቴ ከሞተ ሃያ ዓመት፣ ሦስት ወር ሲቀነስ።»

«ሃያ በላቸው፤ ሌላውን አትንገራቸው!»

የቀረው ደብዳቤ ብቻ ነበር። ማንኛውም ተመልማይ ከአጥቢያው ጭቃ ሹም «የአገራችን ልጅ ነው፤ ወንጀል የለበትም» የሚል ደብዳቤ መያዝ አለበት። የእኛ ጭቃ ሹም ግን መጻፍ አያውቅም። የሚጽፉለት ክርስትና በተነሣሁበት ደብር የሚያገለግሉ አንድ ሽማግሌ መሪጌታ ናቸው፤ ሁላችንም የኔታ ነው የምንላቸው። ከአያ ሙሉ ጋር ሄድን። የኔታ ብርዕ እየቀረጹ ቀና ብለው አዩኝ።

«ወታደርነት ምን አሳሰበህ፣ ልጄ?»

«አገሩን ሊያገለግል ነው፣ የኔታ» ብለው አያ ሙሉ ቀደሙኝ።

«አገሩን» አሉና የኔታ ጻፉ። ጭቃ ሹሙ አውራ ጣቱን ቀለም ነክሮ አተመበት። የኔታ ወረቀቱን አጥፈው ዳርና ዳሩን በክር ሰፉትና «መልማዮቹ ፊት እንጂ እንዳይፈታ» ብለው ሰጡኝ። እኔም ፊደል ቆጥሬ ነበር፤ ግን የተሰፋ ነገር ማን ይፈታል?

ሐሙስ ዕለት ጎህ ሲቀድ ተነሣሁ። አያ ሙሉ እስከ አምበር ሸኙኝ። ትልቁ መንገድ ላይ ስንደርስ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉና «ስምህን አታሰድብ» አሉኝ። ከዚያ ወደ ማርቆስ በእርምጃም በሩጫም አድርጌ ረፋድ ላይ ገባሁ።

ምልመላው ከመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ጀርባ ባለ ሜዳ ላይ ነበር። ከሉማሜ የመጣ አለ፣ ከመርጡለ ማርያም ሁለት ቀን በእግሩ የመጣ አለ፣ ሜዳው በጎረምሳ ሞልቷል። ከእኛ አጥቢያ የማውቀው ሰው አላየሁም። አንድ ቀጭን፣ ድምፁ ከአካሉ የሚበልጥ ሃምሳ አለቃ በመካከላችን እየተንጎራደደ ይሰድበናል።

«አገር የምትጠብቁት እናንተ ናችሁ? እናንተንስ ማን ይጠብቃችሁ? ደብዳቤ እዚህ ቅርጫት ውስጥ! ልብስ አውልቁ! ቁምጣ ብቻ ሲቀር በቁመት ተሰለፉ!»

ደብዳቤዬን ቅርጫቱ ውስጥ ጣልሁ፤ ጋቢና እጀ ጠባቤን አጥፌ አስቀመጥሁ። ብርዱ አጥንት ይገባል። በቁመት እየለካኩ ሲያሰልፉን ሃምሳ አለቃው ከኋላዬ አንድ ሰው ገፍቶ አስገባ። እኩያዬ የሆነውን ለማየት ዞር አልሁ። ይበልጣል ነበር።

እሱም አየኝ። ፊቱ አመድ መሰለ። ወዲያው ገባኝ፤ እኔ እሱን መግደል ልማር መጥቻለሁ፣ እሱ ደግሞ ከእኔ ሊሸሽ መጥቷል። ሁለታችንም አንድ በር መረጥን።

«ወደ ፊትህ እይ፣ አንተ!» ብሎ ሃምሳ አለቃው ጮኸብኝ።

ወደ ፊቴ አየሁ። ዳገትና ቁልቁለት መርጠን ስንሸሻሽ የኖርነው ሰው ትንፋሹ ማጅራቴ ላይ ነው። ራቁቴን ጀርባዬን ለደመኛዬ ሰጥቼ መቆሜ አናደደኝ፤ እሱም ባዶ እጁን መሆኑን እያወቅሁ ጀርባዬ ግን አላመነም፤ ይነዝረኝ ነበር። ሚዛን ላይ ስወጣ እሱ ከኋላዬ እየጠበቀ ነው። ወርጄ ደረቴ ሲለካ እሱ ሚዛኑ ላይ ነው። የእሱ ክብደት ሲነገር ጆሮዬን አቁሜ ሰማሁ፤ ከእኔ ይበልጥ ነበር። በዚህ እንኳ ተቃጠልሁ።

ከዚያ ሜዳውን ሦስት ጊዜ ዙሩ ተባልን። በሁለተኛው ዙር ጎን ለጎን ገጠምን። ማጠፊያው ላይ ማንም አያይም ብዬ በክርኔ ጎድኑን አልሁት። ተንገዳገደ፤ አልወደቀም። መልሶም አልመታኝም። አጠገቤ ሆኖ ሲያቃስት እየሰማሁ ሮጥሁ። ይህን ስጽፍ አፍራለሁ፤ ያን ዕለት ግን ጎበዝ የሆንሁ መስሎኝ ነበር።

ከሩጫው በኋላ ሐኪሙ ጥርሳችንንና ዐይናችንን አየ። የእኔን አይቶ «እለፍ» አለ። የይበልጣልን የዐይን ቆብ ገልብጦ ትንሽ ቆየበት።

«ይህ ዐይን ታሟል። አይሆንም። ቀጥሎ!»

«ያይልኛል እኮ፣ ጌታዬ» አለ ይበልጣል።

«ቀጥሎ አልሁ!»

ድምፁን ለመጀመሪያ ጊዜ ከቅርብ የሰማሁት ያኔ ነው። ሲለምን። ጮክ ብዬ ሳቅሁ፤ እንዲሰማኝ ብዬ ነው የሳቅሁት። እሱ ወደ ልብሱ ሄደ፤ እኔ ካለፉት ጋር መሬት ላይ ተቀመጥሁ።

ጸሐፊው ጠረጴዛውን አቅርቦ ደብዳቤዎቹን እየፈታ ስም መጥራት ጀመረ። የተጠራው እየተነሣ ይመዘገባል፣ ወደ ግራ ይሰለፋል። እኔ «ደመላሽ ተገኘ» የሚለውን እጠብቃለሁ። ጸሐፊው ጠራ፣ ጠራ። «ወልደ ሚካኤል ገብረ ሥላሴ!» አለ። ማንም አልተነሣም። ደግሞ ጠራ። በሦስተኛው ሃምሳ አለቃው ራሱ ተቀብሎ አንባረቀ። ምን ዓይነቱ ደንቆሮ ነው ብዬ እኔም ዞር ዞር እያልሁ ፈለግሁት። ደብዳቤው ወደ ጎን ተቀመጠ፤ ጥሪው ቀጠለ።

በመጨረሻ መሬት ላይ የቀረሁት እኔ ብቻ ሆንሁ።

«አንተስ?» አለ ሃምሳ አለቃው።

«አልተጠራሁም፣ ጌታዬ። ደመላሽ ተገኘ ነኝ።»

ጸሐፊው ቅርጫቱን ገለበጠው። ባዶ ነው። ወደ ጎን ያስቀመጣትን አንዲት ደብዳቤ አንሥቶ አሳየኝ። የተሰፋበትን ክር ሳይ አወቅሁት፤ የኔታ የሰፉት ነው።

«እሱ የእኔ ነው!»

«ወልደ ሚካኤል ገብረ ሥላሴ ነው የሚለው።»

«ወልደ ሚካኤል የክርስትና ስሜ ነው፣ ጌታዬ።»

«ገብረ ሥላሴስ ማን ነው?»

የአባቴን የክርስትና ስም ሰምቼ አላውቅም። የክርስትና ስም የቤተ ክርስቲያን ነው፤ በደጅ የሚጠራው የለም። አባቴ በዚያ ስሙ የተጠራው ሲቀበር ነው፤ እኔ ደግሞ ያኔ አልተወለድሁም ነበር። አያ ሙሉም «ደሙ ሳይመለስ ተዝካር አይወጣም» ብለው ከልክለው ነበርና በቤታችን ያን ስም ያነሣ ሰው አልነበረም። የኔታ ለምን እንዲህ እንዳደረጉብኝ በዚያች ቅጽበት ገባኝ። ደመላሽ የሚለውን ስም ብርዓቸው አልጽፍ ብሏል።

«አባቴ... ተገኘ ነው» አልሁ።

«የአባቱን ስም አያውቅም!» አለ ሃምሳ አለቃው ወደ ሌሎቹ ዞሮ። ሜዳው በሳቅ ተናወጠ። እሱ ግን አልሳቀም። ጨበጥ አድርጎ ክንዴን ያዘኝ። «የማንን ደብዳቤ ነው የሰረቅኸው? ባለቤቱንስ የት ጣልኸው? ስም ቀይሮ ሠራዊት የሚገባ ሽፍታ ነው። ወደ እስር ቤት ውሰዱት!»

እስር ቤት! የአባቴ ገዳይ የሞተበት ቤት ነው። እዚያ ብገባ አያ ሙሉ ምን ይሉ ይሆን ብዬ አሰብሁ፤ ከእስራቱ ይልቅ ያስፈራኝ እሱ ነው።

«ጌታዬ፣ አልሰረቅሁም! ጭቃ ሹሙን ልጥራ!»

«መኪናው ነገ ጧት ይነሣል፤ ጭቃ ሹምህን አንጠብቅም። እዚህ የሚያውቅህ ሰው አለ? የማን ልጅ እንደ ሆንህ ምሎ የሚናገር?»

ዙሪያዬን አየሁ። ሁሉም አዲስ ፊት ነው። የሚያውቀኝ አንድ ሰው ብቻ እንደ ነበረ አውቃለሁ፤ ወደዚያ ግን አልዞርሁም።

«እኔ አውቀዋለሁ» አለ ከኋላ።

ይበልጣል ልብሱን ለብሶ፣ ዱላውን ይዞ፣ ለመሄድ ተነሥቶ ነበር። ቀስ ብሎ መጣና ጠረጴዛው ፊት ቆመ። እኔን አላየኝም።

«ምንህ ነው? ወንድምህ?» አለው ሃምሳ አለቃው።

«አይደለም።»

«ጓደኛህ?»

«ደመኛዬ ነው።»

ጸሐፊው ብዕሩን ከወረቀቱ አነሣ።

«ስሙ ደመላሽ ነው፣ ጌታዬ» አለ ይበልጣል። «የተገኘ ልጅ ነው። ተገኘን የገደለው አጎቴ ነው። ይህ ስም የወጣለት እኔን እንዲገድል ነው፤ እንዴት አላውቀውም? ማታ ከብት ሲገባ አጎቱ ‹ደመላሽ!› ብለው ሲጣሩ እኛ ቤት ማዕድ ላይ ያለ ሰው ሁሉ ዝም ይላል።»

«ወልደ ሚካኤልስ?»

«የእሱን የክርስትና ስም አላውቅም። የአባቱን ግን አውቃለሁ፤ ገብረ ሥላሴ ነው።»

«እሱ ያላወቀውን አንተ በምን አወቅኸው?»

«አጎቴ እስር ቤት ሳለ የነፍስ አባቱ ንስሐ ሰጥተውት ነበር። የገደለውን ሰው ስም በጸሎት እንዲያስጠራ። ሲሞት ለእናቴ አደራ አላት። እስካሁን በየወሩ ታስጠራዋለች። ‹ገብረ ሥላሴ› ሲባል እየሰማሁ ነው ያደግሁት።»

ምን እንደ ሆንሁ ልነግራችሁ አልችልም። የአባቴን ስም ከደመኛዬ አፍ ሰማሁት። ሃያ ዓመት እኔ ስጠላቸው የኖርሁት ሰዎች የአባቴን ነፍስ ያስቡ ነበር፤ በእኛ ቤት ደግሞ የሚታሰበው ጥይቱ ብቻ ነው። ተናደድሁ። አዎ፣ ያኔ የተሰማኝ ንዴት ነው እንጂ ምስጋና አይደለም። አባቴን የቀሙን ሰዎች ስሙንም ወስደው ያስቀመጡት መሰለኝ።

«ማል!» አለው ሃምሳ አለቃው።

«ጃንሆይ ይሙቱ፣ የገብረ ሥላሴ ልጅ ነው።»

«ሊገድልህ የሚፈልገውን ሰው ምን አግብቶህ ታወጣዋለህ?»

«እኔ ዐይኔ ታሟል ተብዬ ወደ ቤቴ መመለሴ ነው፣ ጌታዬ። እሱንም ጭቃ ሹሙ አስፈትቶ ከመለሰው ተገናኘን ማለት ነው። ይግባና ይሂድልኝ፤ ሁለት ዓመት እንኳ ወደ ኋላዬ ሳላይ ማሳዬን ልረስ።»

ሃምሳ አለቃው ክንዴን ለቀቀኝ። ጸሐፊው ብዕሩን ነክሮ «የትኛውን ስም ልጻፍ?» አለኝ። ይህን ያህል ቀላል ጥያቄ ጠይቆኝ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። «ደብዳቤው ያለውን» አልሁ።

ልብሴን ደርቤ ወደ ሜዳው መውጫ ሮጥሁ። ይበልጣል መንገዱን ጀምሮ ነበር። ደረስሁበትና ፊቱ ቆምሁ።

«እንዳታመሰግነኝ» አለኝ ፊቱን አኮሳትሮ።

«አላመሰግንህም።»

«ለአንተ ብዬ አይደለም።»

«ሰምቻለሁ።»

ጎድኑን በእጁ ያዘ። «ክርንህ አሞኛል። አጎትህ ስለ እኔ ከጠየቁህ ዐይኑ ታሞ ወድቋል በላቸው፤ ደስ ይላቸዋል።» ይህን ብሎ ሄደ። በዕድሜያችን ለመጀመሪያ ጊዜ የተነጋገርነው ይህንኑ ነው።

እናንተ አንባቢዎቼ፣ በዚህ ቀን ልቤ የተለወጠ መስሏችሁ ከሆነ ተሳስታችኋል። ማሠልጠኛ ስገባ ጥላቻዬን ከነሙሉ ትጥቁ ይዤ ነው የገባሁት። የለወጠኝ የጧት ስም ጥሪ ነው። መጀመሪያ አካባቢ «ወልደ ሚካኤል ገብረ ሥላሴ!» ሲባል እኔ መሆኔን እየረሳሁ ዝም እልና እቀጣ ነበር፤ በደረቴ ስንት ሜዳ ተሳብሁ። ወር ሲያልፍ ጆሮዬ ለመደ። ዓመት ሲሞላ ደግሞ ጧት ጧት የአባቴን ስም መስማት ናፈቀኝ። በቤታችን ሹክ የሚለው ሰው እንኳ ያልነበረ ስም፣ እዚያ በጩኸት ይጠራል፤ እኔም «አቤት!» እላለሁ። ተኩስም በደንብ ተማርሁ። ዒላማ ከመምታት የሚያግደኝ አልነበረም። ግን ‹ደመላሽ› ብሎ የሚጠራኝ ሰው ሁለት ዓመት ሙሉ አልነበረም፤ ሰው ሳይጠሩት ሲቀር ያንን ሥራ እየረሳው ይሄዳል። እናቴ ዕድሜዋን በሙሉ «ልጄ» እንጂ በዚያ ስም ጠርታኝ እንደማታውቅ ልብ ያልሁትም እዚያው ነው። ለልጅ ስም የምታወጡ ሁሉ፣ እባካችሁ ለራሳችሁ ያላችሁን ሥራ ለእሱ አትስጡት።

በሁለተኛው ዓመት በፈቃድ መጣሁ። አያ ሙሉ የአባቴን ምንሽር ጠመንጃ ወልውለው፣ ዘይት ቀብተው ጠበቁኝ። «ወንዙ ማዶ ብቻውን እያረሰ ነው» ብለው እጄ ላይ አኖሩት። ተቀበልሁ። ወንዙን ተሻገርሁ። ልክደው አልችልም፤ ስሻገር ምን እንደማደርግ አላወቅሁም ነበር።

ይበልጣል አየኝ። በሬዎቹን አቆመ። አልሸሸም፤ ዐይኑን ጨፈን ጨፈን እያደረገ እስክቀርበው ጠበቀኝ።

«በየትኛው ስምህ ነው የመጣህ?» አለኝ።

ምንሽሩን ከትከሻዬ አወረድሁና መሬት ላይ አስቀመጥሁት።

«አባቴን የምታስጠሩበትን ቀን ልጠይቅህ ነው» አልሁት።

አላመነኝም። ዐይኑ ምንሽሩ ላይ እንዳለ «ወር በገባ በሰባት፣ በሥላሴ ዕለት» አለ። «እናቴ ካየችህ ትደነግጣለች፤ ራቅ ብለህ ቁም።»

«ራቅ ብዬ እቆማለሁ» አልሁ። እሱ በሬዎቹን ነዳ፣ እኔ ተመለስሁ። ወዳጅ አልሆንንም፤ ዛሬም አንጠያየቅም። ነገር ግን ይኸው እሱም አለ፣ እኔም አለሁ።

አያ ሙሉ የተኩስ ድምፅ እየጠበቁ ደጅ ቆመው ነበር። ምንሽሩን ሰጠኋቸው። አፈሙዙን አሸተቱት።

«በሰባት አባቴ ቤተ ክርስቲያን ይጠራል፣ አያ ሙሉ» አልኋቸው። «እሄዳለሁ። ከፈለጉ አብረን እንሂድ።»

ምንሽሩን ይዘው ወደ ቤታቸው ገቡ። ከዚያ በኋላ አሥራ ሦስት ዓመት ኖሩ፤ በፈቃድ በመጣሁ ቁጥር እጃቸውን እስማለሁ፣ እሳቸውም እጃቸውን አይከለክሉኝም። በደመላሽም ሆነ በወልደ ሚካኤል ግን፣ እስከ ሞቱበት ቀን ድረስ፣ አንድ ጊዜ እንኳ ጠርተውኝ አያውቁም።